ቴክሳስ ሐሙስ ይሁን

ሰርክአዲስ አገሬው ቆሰበር በሚላት በእንጅባራ ከተማ ኮርቻ ሠሪ ነው። ሱቁ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኝ፣ በሯ ላይ ልጓምና እርካብ የሚንጠለጠልባት ጠባብ ክፍል ናት። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ የአባቱን ወስፌ ሲያነሳ ዕድሜው አሥራ አምስት ነበር፤ አሁን ሃያ ሰባት ሞልቶታል። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ግን ዝግተኛ። ዋጋ ነግሮ ዝም ይላል። ጎረቤቱ ሻይ ሻጯ ውዴ፣ «ይህ ልጅ ከሰው ይልቅ ከቆዳ ጋር ያወራል» ትላለች።

በጥር ወር፣ የአገው ፈረሰኞች ዓመታዊ በዓል አምስት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት ወደ ሱቁ ገቡ። ሽማግሌው የዳንግላው አቶ እንግዳው ነበሩ፤ መታጠቂያው የተበጠሰ ኮርቻ በትከሻቸው ተሸክመዋል። ወጣቷ ልጃቸው አምሳለ ናት። ዳንግላ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ታስተምራለች።

«ለበዓሉ ይደርሳል?» አሉ አቶ እንግዳው።

«ይቀመጡ፤ አሁኑኑ እሰፋዋለሁ።»

ገና መስፋት እንደ ጀመረ የአምሳለ ስልክ ጮኸ። አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ውብአየሁ ነው። አባትዬው እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አባባ፣ ቪዛው ከተሳካ አንድ ሳምንት ፈቃድ አገኛለሁ። እርስዎንና አምሳለን የፈለጋችሁትን ከተማ አሳያችኋለሁ። ብቻ የት የት እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ቲኬት እንድቆርጥ።»

«ከተማ ምን ያደርግልኛል? ፎቅ በፎቅ ላይ! ፈረስ በሌለበት አገር ሳምንት ሙሉ ምን እሠራለሁ?»

«አባባ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ፈረስ የት ይገኛል?»

«ኒውዮርክ አለ» አለ ሰርክአዲስ፣ ዓይኑን ከስፌቱ ሳያነሳ።

ሁለቱም ዞረው አዩት። ሰርክአዲስ ማታ ማታ በስልኩ የሌላ አገር ኮርቻ ሠሪዎችን ሥራ ያያል፤ ይህን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። አንዴ ከጀመረ በኋላ ማቆም አቃተው።

«መናፈሻው ውስጥ ሰው የጫነ ሰረገላ ይጎትታሉ። ፊላደልፊያም ሰፈር ለሰፈር የሚጋልቡ ልጆች አሉ። ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል የምትባል ከተማ ትልቅ የፈረስ እሽቅድምድም አላት። ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ፣ ፈረስ ላይ ሆነው ከብት በአውራ ጎዳና ይነዳሉ።»

«ሄደህ ታውቃለህ?» አለች አምሳለ።

«እኔ? ከጫግኒ አላለፍኩም።»

ሳቀች። የሹፈት ሳቅ አልነበረም። ሰርክአዲስ ግን ጆሮው ድረስ ጋለ፤ ወስፌውም ጣቱን ወጋው።

አቶ እንግዳው ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ «ውብአየሁ! ዕቅዱን አንድ የቆሰበር ኮርቻ ሠሪ ያወጣልሃል፤ ጠብቅ!» ብለው ጮኹ።

ቪዛው በየካቲት መጨረሻ ተሳካ። ከዚያ በኋላ አምሳለ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳንግላ በሚኒባስ እየመጣች ሱቁ ውስጥ ትቀመጥ ጀመር። እሷ የአሜሪካ ካርታ ያለበትን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ታመጣለች፤ እሱ አንድ ደብተር ገዝቶ ሰባቱን ቀን በሰባት ገጽ ከፋፍሎ ይጽፋል። ጽሑፉን በአስተማሪ ዓይን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንድም ስህተት የለበትም» አለች። «ተማሪዎቼ እንዲህ ቢጽፉልኝ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነበር የምቆጣው።»

የመጀመሪያው ዕቅድ በአንድ ቅዳሜ አለቀ። ሰኞ ዋሽንግተን፣ ማክሰኞ ኒውዮርክ፣ ረቡዕ ቴክሳስ እያለ እስከ እሑድ ይወርዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን አምሳለ ፊቷን አኮሳትራ መጣች።

«አባባ ረቡዕ ቴክሳስ አልገባም ብሏል።»

«ለምን?»

«ጾም ነዋ። እዚያ ያለው ሁሉ ሥጋ ነው፤ ሽታው ራሱ ያስገድፋል ይላል።»

ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ረቡዕ ደግሞ ሁዳዴ ካለፈም ይጾማል፤ ነገሩ ለሰርክአዲስ እውነት መሰለው። አገጩን ይዞ አሰበ። «ዓርብ ብናደርገውስ?»

«ዓርብስ ጾም አይደለም?»

«እውነትሽን ነው።»

«ቴክሳስ ሐሙስ ይሁን» አለች፣ ፍርድ እንደሚሰጥ ዳኛ።

ቴክሳስ ሐሙስ ሲሆን ኬንታኪ ወደ ዓርብ ተገፋ። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ «ዓርብ ኬንታኪ አይሆንም፤ እዚያ ደግሞ ዶሮ ነው አሉ» አለች። ኬንታኪ ወደ ረቡዕ ሲመጣም ረቡዕን ረስተውት ኖሮ እንደገና ሰረዙት። በአራተኛው ቅዳሜ ፊላደልፊያ ሽሮ መገኘት አለመገኘቱ ተጠየቀ። ሰርክአዲስ ገጹን እየቀደደ እንደ አዲስ ይገለብጣል፤ አንድ ቀን እንኳ አልተማረረም። ውዴ ሻይ ይዛ ስትገባ፣ «ዛሬስ ሐሙስ ደረሰ ወይስ ገና ነው?» እያለች ትስቅባቸዋለች።

ሰርክአዲስ ስፌት የሚቆጥረው በአካባቢው ቋንቋ በአዊኛ ነው፤ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አምሳለ ስትገባ ከንፈሩ ይቆማል።

«ስንት ደርሰህ ነበር?» አለችው አንድ ቀን።

«ጠፋብኝ።»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁብህ?»

«አዎ።»

ካለው በኋላ ደነገጠ። እሷ መጽሐፉን ገለጠች፤ የያዘችው ግን የአሜሪካ ካርታ ያለበትን ገጽ አልነበረም። ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማ ነበር።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ቅዳሜ ዕቅዱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ውብአየሁ ደወለ። አምሳለ እንደ ልማዷ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አምሳለ፣ አንቺ ከአባባ ጋር አትመለሺም አይደል? ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ። ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ፤ ቀስ ብለን ትምህርት እንፈልግልሻለን።»

አምሳለ ሰርክአዲስን አየች። እሱ ደብተሩን ያያል።

«እስቲ እናያለን» ብላ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንተ ምን ትላለህ?» አለችው።

እንዳትቀሪ ሊላት ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ስምንተኛ ክፍሉን አሰበ፤ የቆዳ ሽታ የማይለቀውን እጁን አየ፤ ወንድሟ ያዘጋጀውን ክፍልም በሐሳቡ አየ።

«ጥሩ አገር ነው ይላሉ» አለ። «ዕድል ነው።»

አምሳለ ለአፍታ አየችው።

«ዕቅዱ አልቋል ማለት ነው?»

«ንጹሑን መገልበጥ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«አምሮበታል» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሻይዋን አልነካችውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም። ፋሲካ አለፈ፤ ዳግማ ትንሣኤም አለፈ። ሰርክአዲስ በየቅዳሜው ከመናኸሪያው የሚወጡትን ሰዎች እያየ የሚሰፋውን ያበላሽ ጀመር።

«አንተ!» አለችው ውዴ አንድ ቀን። «ሽማግሌ ላክ እንጂ ምን ታፈጣለህ?»

«ትሄዳለች እኮ።»

«ስለምትሄድ ነዋ! ባትሄድማ እስከ ሽበትህ ድረስ ታፈጥ ነበር።»

«ሽማግሌ ለማሰባሰብ ጊዜ ይፈልጋል። አጎቴ ያለው ገጠር ነው።»

«እንግዲያው ተቀመጥ! ወስፌህን አግባት!»

ግንቦት ሲገባ አባትና ልጅ ማክሰኞ እንደሚሄዱ ሰማ። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ ጋቢውን እንደ ለበሰ፣ በንጹሕ የተገለበጠውን ዕቅድ በኪሱ ይዞ ሚኒባስ ተሳፈረ። ዳንግላ እስኪደርስ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ በልቡ ሲደጋግም ቆየ። ከመናኸሪያው በጋሪ ወደ አቶ እንግዳው ቤት ሲሄድ ባለ ጋሪው፣ «ምን አልክ?» እያለ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየው።

አቶ እንግዳው ግቢው ውስጥ ፈረሳቸውን ያብሳሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘውድነሽ በረንዳው ላይ ሻንጣ ያዘጋጃሉ። አምሳለ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ሲገባ እጇ ላይ የያዘችውን ቀሚስ ሦስት ጊዜ አጠፈችው።

«ጋሽ እንግዳው፣ ዕቅዱን አምጥቻለሁ።»

«ጎሽ! አምሳለ፣ አንብቢልኝ።»

አነበበች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ሐሙስ ጋ ስትደርስ ሰርክአዲስ ጣልቃ ገባ።

«ጾምዎ እንዳይነካብዎ ብዬ ነው ቴክሳስን ሐሙስ ያደረግኩት። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይገኝባቸዋል የተባሉትን ከተሞች ነው የመረጥኩት።»

«የምን ጾም?» አሉ አቶ እንግዳው።

«የረቡዕና የዓርብ።»

ሽማግሌው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ዘውድነሽ፣ በበዓለ ኀምሳ ጾም ተጀመረ እንዴ?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! ፋሲካ ካለፈ ገና አራት ሳምንት ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ ምን ረቡዕ፣ ምን ዓርብ አለ?»

ሰርክአዲስ ቆሞ ቀረ። ሳምንታቱን ሁሉ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያለ ሲጽፍ ጉዞው በየትኛው ወር እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀም። በሁዳዴ ውስጥ ተቀምጦ፣ ረቡዕና ዓርብ የማይጾሙበትን በዓለ ኀምሳን ረስቶት ኖሯል።

«ግን… እርስዎ ነዎት ቴክሳስ ረቡዕ አልገባም ያሉት። ኬንታኪንም ዓርብ…»

«እኔ? እኔ ምንም አላልኩ!»

ሦስቱም ወደ አምሳለ ዞሩ። አምሳለ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበች።

«ልጄ!» አሉ ወይዘሮ ዘውድነሽ፣ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው። «ለዚህ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ላይ የሰነበትሽው? በጾም ስም! በይ የንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂ።»

ሰርክአዲስ ቅዳሜዎቹን አንድ በአንድ አሰባቸው። የተቀደዱትን ገጾች፣ ፊቷን አኮሳትራ የገባችባቸውን ጠዋቶች። ከቆሰበር ጀምሮ ያጠናት ዓረፍተ ነገር ጠፋችበት፤ በቦታዋ ያላጠናት መጣች።

«ጋሽ እንግዳው፣ ለዕቅዱ አልመጣሁም። አምሳለን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

የአቶ እንግዳው ፊት ጠቆረ። ፈረሱን የሚያብሱበትን ጨርቅ አስቀመጡ።

«ሽማግሌዎችህ የት አሉ?»

«የሉም። እነሱን እስካሰባስብ እናንተ ትሄዳላችሁ።»

«በራሱ አፍ ራሱን የሚሸመግል ሰው ዛሬ ገና አየሁ።» ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «ለመሆኑ አንተ፣ እኔን ከኒውዮርክ ቴክሳስ ስታደርሰኝ የሰነበትክ ሰው፣ ከቆሰበር ዳንግላ መምጣት ይህን ያህል ይርቃል?»

አቶ እንግዳው ጨርቁን መልሰው አነሱ።

«የእኔ ልጅ ግን በወግ ነው የምትጠየቀው። ዘውድነሽ! ኪዳኑንና ይኸነውን ጥሪያቸው። ሽማግሌ ከሌለው ለዛሬ የእኔን ጎረቤቶች አውሰዋለሁ።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ እየሳቁ ወጡ። አቶ እንግዳውም ፈረሱን ውኃ ለማጠጣት ይዘው ወደ ጓሮ ዞሩ። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«እውነት እዚያ ትቀሪያለሽ?» አላት።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ወንድሜ ጠየቀኝ። አባባ ጠየቀኝ። ርዕሰ መምህሩ እንኳ ጠየቀኝ። አንተ ግን ዕድል ነው ብለህ ሸኘኸኝ።»

«ፈርቼ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ። ግን እንድትመለሺ እፈልጋለሁ።»

አምሳለ ነጠላውን ከፊቷ አወረደች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ አፏ ግን ይስቃል።

«የመመለሻ ቲኬቴን ቁረጥ ብዬ ለውብአየሁ ከነገርኩት ሁለት ሳምንት አልፏል።»

«እኔ ሳልናገር?»

«አንተ ሳትናገር። ምን፣ በአንተ ብቻ መሰለህ? ስልሳ ሁለት ተማሪ አለኝ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንተን ግን በየሌሊቱ ስረግምህ ነበር።»

የውጭው በር ተንኳኳ። አቶ ኪዳኑና አቶ ይኸነው ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ቤቶች! ከሩቅ አገር የመጣን እንግዶች ነን» አሉ አቶ ኪዳኑ።

«ከየት?» አሉ አቶ እንግዳው ከውስጥ፣ ኮስተር ብለው።

«ከአጥሩ ማዶ።»

ሁሉም ሳቀ፤ ወጉ ግን አልቀረም። ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠየቁ፤ አቶ እንግዳው ሰሙ። መልሱንም ለሴት ልጅ አባት እንደሚገባው አዘገዩት። «ስመለስ እነግራችኋለሁ» አሉ።

የመመለሻቸው ቀን ሰርክአዲስ አንድ ሚኒባስ ይዞ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው ከሁለት ሰዓት በላይ ቀድሞ ነው። ተሳፋሪዎች መውጣት ጀመሩ። አቶ እንግዳው ብቻቸውን ብቅ አሉ። ከኋላቸው አንድ ቤተሰብ ወጣ፤ አንድ ቄስ ወጡ፤ ከዚያ በሩ ተዘጋ። ሰርክአዲስ ወደ በሩ ተጠጋ። በሩ እንደገና ሲከፈት አምሳለ ሁለት ሻንጣ የጫነ ጋሪ እየገፋች ወጣች፤ አየችው፤ ጋሪውን መሃል መንገድ ላይ ትታ መጣች።

አቶ እንግዳው ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። መራዊ እስኪደርሱ ወሬያቸው አላቋረጠም። ስለ ኒውዮርክ ፈረሶች ኮቴ፣ ስለ አውሮፕላኑ ምግብ፣ ውብአየሁ መንገድ ስለ ጠፋበት ቀን አወሩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስማ አንተ ልጅ፣ ያ ያዘገየሁት መልስ…» ብለው ወደ ኋላ ዞሩ።

አምሳለ በሰርክአዲስ ትከሻ ላይ ተኝታለች። ሰርክአዲስ እንዳትነቃ ብሎ እስትንፋሱን እንኳ ቆጥቦ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሽማግሌው ጥቂት አዩዋቸው። ወደ ፊት ተመለሱና የሾፌሩን ክንድ ነካ አደረጉ።

«ቀስ ብለህ ንዳ ወንድሜ» አሉት በሹክሹክታ። «ልጆቼ ተኝተዋል።»