ጋውሪን ማን አለባት?

ላሟ ጋውሪ በረቱ ውስጥ በጎኗ እንደተጋደመች ሞታ ተገኘች። ልትወልድ ትንሽ ነበር የቀራት፤ ጥጃውም በሆዷ ቀረ። የእንስሳት ሐኪሟ ሄታል ስትደርስ መንደርተኛው ግቢውን ሞልቶታል፤ የላሟ ባለቤት ማንሱክ ደግሞ የጎረቤቱን የካናን አንገትጌ ጨምድዶ ይዟል።

«መርዞ ገደላት፤ በአጥር ስንጣላ ‹ላምህን ታያታለህ› ብሎኛል» አለ ማንሱክ።

«አፌ ነው የተናገረው። እጄ ላም አይገድልም» አለ ካና።

«ልቀቀውና ልያት» አለች ሄታል።

ተንበርክካ ግቷን ዳሰሰች። ጠቁሯል፤ ቀዝቅዟል። የገደላት መርዝ ሳይሆን የግት በሽታ ነው። አንዱን ጡት ጨመቅ ስታደርገው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ያለ ችግር ወረደ። ጣቷን አሸተተች፤ ቅቤ ቅቤ ይላል።

የማንሱክን ሚስት ኮኪላን ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«የምታልቢያት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። ከነጠፈች ወዲህ ግን አልነካኋትም።»

«ካናን ታስጠጋዋለች?»

«እሱን? የፊት ጥርሱን ማን ያወለቀው ይመስልዎታል?»

«ስታልቢ እጅሽን ቅቤ ትቀቢያለሽ?»

«ኧረ ታጥቤ በደረቁ ነው። ቅቤ የሚቀቡት የድሮ ሰዎች...» ኮኪላ ቃሏን ሳትጨርስ ዞር ብላ አየች።

ሄታል ዓይኗን ተከትላ አየች። የማንሱክ አባት፣ ሁሉም ባፑ የሚላቸው ሽማግሌው ዴቭሺ፣ የገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከእግራቸው ሥር ባለው የነሐስ ማሰሮ ግርጌ እንገር የመሰለ ቢጫ፣ ወፍራም ፈሳሽ ረግቷል።

ሄታል ባትናገር በወደደች። ነገር ግን የማንሱክ እጅ አሁንም የካና አንገትጌ ላይ ነበር። ሁሉንም ወደ አልጋው ጠራቻቸው።

«ላም ስትነጥፍ የጡቷን ቀዳዳ ሰም የመሰለ ነገር ይደፍነዋል። ተህዋሲያንን ከደጅ የሚመልሰው እሱ ነው። አልፈው የገቡትን የደሟ ነጭ ሴሎች ይዋጓቸዋል፤ መውለጃዋ ሲደርስ ግን እነሱም ይዳከማሉ። የጋውሪ ጡት መድፈኛው ተነስቷል። ሰው አልቧታል ማለት ነው። ካናን አታስጠጋውም። ኮኪላ በቅቤ አታልብም። የቀረው ጋውሪ የምታውቀው፣ በድሮው ደንብ የሚያልብ እጅ ነው።»

የማንሱክ እጅ ከካና አንገትጌ ወረደ።

«ባፑ፣ ጋውሪን አልበዋት ነበር?» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ። ራምባ ያለ ወተት ሻይ አትጠጣም። ስትነሳ እንዳታጣ ብዬ ነው» አሉ ዴቭሺ።

ሚስታቸው ራምባ ከሞቱ ክረምት አልፏል። በተነገራቸው ቁጥር እንደ አዲስ ያለቅሳሉ፤ ደግሞ ይረሱታል።

«ሰው የተሰበሰበው ምን ሆኖ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

ካና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና እጃቸውን ያዘ።

«ጋውሪ ሞታ ነው፣ ባፑ። በሽታ ገደላት።»

ዴቭሺ ወደ በረቱ አዩ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

«ራምባ ሰማች?»

«አልሰሙም፣ ባፑ» አለች ኮኪላ። «አንነግራቸውም።»