የተሰጡ ችግኞች ዝርዝር

ስንቅነሽ ከቁርስ በፊት አርባ እንሰት አዳመጠች። ሁሉም ለከተማ ሳሎን ጌጥ የሚሸጡ፣ ቅጠላቸው የቀላ፣ በየመትከያቸው ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁ ናቸው። ሥራው ያን ያህል አይከብድም፤ «ጆሮ» የሚሉትን ቀጭን ሽቦ ግንዱ ላይ ትሰካና ውስጥ የጥንዚዛ ትል እያኘከ እንደሆነ ትሰማለች።

አርባ አንደኛውን ሳትጀምር የሥራ ባልደረባዋ ነስሩ ጠራት።

«ዱካው መልስ ሰጥቷል» አላት፣ ዓይኗን ሳያይ።

ዱካ የአንዲት ጥንዚዛን ገላ አንብቦ ዘር ማንዘሯ ከየት እንደመጣ የሚናገር መሣሪያ ነው። በመልሱ መሠረት፣ የእናቷን መንደር እንሰት የምትጨርሰው ጥንዚዛ የገባችው፣ ስንቅነሽ ከሁለት ዓመት በፊት ለእናቷ በስጦታ በወሰደችው የጌጥ እንሰት ነበር። ያን ቀን ቸኩላ ሳታዳምጠው ነው የወሰደችው። ድንጋጤውን ጠበቀች፤ አልመጣም። እጇን ታጥባ ቁጭ አለች።

መሣሪያው ቀጠለ፦ ጥንዚዛዋ በራሷ ክንፍ በዓመት ሦስት መቶ ሜትር እንኳ አትበርም፤ መንደሩን ያዳረሳት ችግኝ ይዞ የሄደ ሰው ነው። ከእናቷ ግቢ ችግኝ የተቀበሉ ቤቶች ዝርዝር እስከ ምሳ ካልቀረበ የመንደሩ እንሰት እንዳለ ይቃጠላል።

እናቷ ጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ችግኝ የሰጠሻቸውን ሁሉ ንገሪኝ።»

«የሰጠሁትን ልቁጠር? ነውር አይደለም እንዴ ስንቄ?»

«ካልቆጠርሽ የሁሉም ይቃጠላል።»

እናቷ መቁጠር ጀመረች። ለወለደች ሰጥታለች፣ ለዳረች፣ አዲስ ጎጆ ለወጣ፣ ሐዘን ለደረሰበት። ስንቅነሽ በጻፈች ቁጥር ስክሪኑ ላይ ባለው የመንደሩ ካርታ ግቢዎቹ እየቀሉ ሄዱ። ነስሩ መቶ አሥራ ሁለት ላይ መቁጠሩን ተወው። በመጨረሻ ከወንዙ ማዶ አንድ ግቢ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።

«የብርነሽ ግቢስ? ለሷ አልሰጠሽም?»

«ለሷማ ምን በወጣኝ! ተኳርፈን ስድስት ዓመታችን። እሷ እንደሆነች ከሰው አትቀበል፣ ለሰው አትሰጥ።»

ያን ግቢ ያተረፈው ኩርፊያ ነው። ሰው ሁሉ እንደ እናቷ ደግ ቢሆን ኖሮ መንደሩ አንድ እንሰት አይቀረውም ነበር። ስንቅነሽ ይህን አስባ ለማዘን ሞከረች፤ አልሆነላትም። የቀሉትን ግቢዎች እንሰት የማቃጠያ ትእዛዝ ላይ ጣቷን አሳርፋ አጸደቀች።

«እማዬ፣ ነገ ይመጣሉ። የኛንም ያቃጥላሉ።»

«ይምጡ» አለች እናቷ። «ግን ስንቄ፣ ከእንግዲህ ችግኝ ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው ማለት ነዋ። ሄጄ ብለምናት ትሰጠኝ ይመስልሻል?»