አረፋ የሚከተል ጀልባ

ሠላሳ ሁለት ሜትር ጥልቀት ላይ ሺፋዝ የብረት መንጠቆውን የኮራል ዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ ከተተ። መንጠቆውን ከወገቡ ጋር ያያያዘው ገመድ ተወጠረ። ከፊቱ፣ በአቶሉ፣ በቀለበት መሰሉ የደሴቶች ስብስብ፣ መውጫ በር ላይ፣ ስልሳ የሚሆኑ ግራጫ ሻርኮች ጅረቱን ተደግፈው ቆመዋል።

ከጎኑ የተንጠለጠለው «ቱሪስት» ከማልዲቭስ ዋና ከተማ ከማሌ የመጣው የስለላ ቢሮ አለቃው ነው። የምስጢር ስሙ ፋኖስ። የሺፋዝ ደግሞ ሬሞራ፣ ሻርክ ሆድ ላይ ተለጥፎ የሚኖረው ዓሣ።

ሺፋዝ አሥራ አንድ ወር እንግዶችን ባሕር የሚያስጠልቅ መሪ መስሎ ኖሯል። የሻርክ ክንፍ በድብቅ የሚሸጡትን ሰዎች ፎቶና ስም ጥፍር በምታህል ካርድ ላይ ሰብስቧል። ካርዷን ከጓንቱ አውጥቶ ሰጠው። ፋኖስ ተቀበለና አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ አጋጠመ። ደህና ነው ማለት ነው።

ከዚያ ቢላዋ መዘዘ።

ገመዱን ቆረጠው።

ጅረቱ ሺፋዝን ነቅሎ ወደ ውጭ ወሰደው። ሻርኮቹ ገለል ብለው አሳለፉት። ፋኖስ ጠዋት ሆን ብሎ የዘገየው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው። የጀልባዋ ካፒቴን አዳምፉሉ ሁለቴ አስጠንቅቋቸው ነበር፤ ጅረቱ ከመዞሩ በፊት ካልወጣችሁ ሕንድ ነው ሄጄ የምለቅማችሁ ብሎ።

አምስት ሜትር ላይ ሲደርስ፣ ደሙ ውስጥ የገባው አየር ቀስ ብሎ እንዲወጣ ሦስት ደቂቃ ቆየ። ሞት ቢያሳድደውም ይህን መዝለል አይችልም። ወጣ። ለጀልባ ምልክት የሚሆነውን ብርቱካናማ ቱቦ ነፍቶ አቆመ።

ጀልባዋ መጣች። ፋኖስ ከአዳምፉሉ ጆሮ ሥር ሲያወራ አየው።

ጀልባዋ ዞረች።

ሺፋዝ አልተጣራም። አዛውንቱ «ልጄ» ይለው ነበር። በየምሳው የቱና ዓሣ አጥንት እየለቀመለት፣ ኮሎምቦ ድረስ ሄደህ የተማርከው ምንድን ነው እያለ ያሾፍበት ነበር። ካርዷ ላይ ያለው የመጀመሪያ ፎቶም የእሱ ነው። ለእንግዶች በስም እየጠራ የሚያሳያቸውን ሻርኮች፣ እንግዳ በሌለበት ቀን የሚያጠምዳቸው እሱ ነው።

ከሁለት ሰዓት በኋላ የሞተር ድምፅ ሰማ። አዳምፉሉ ብቻውን ነበር።

«መጀመሪያ የዋና ጫማህን አቀብለኝ» አለው ጎንበስ ብሎ። «ስንቴ ልንገርህ?»

ፎጣ ደረበለት። ትኩስ የዓሣ ሾርባ ቀዳለት።

«ያ ቱሪስት፣ ልጁ ሰላይ ነው፣ ሁላችንንም ካርድ ላይ ፎቶ አንስቶናል አለኝ፤ ከክንፉ ገንዘብ እሱም ይካፈላል። ተወው፣ ባሕር በላው እንላለን አለኝ።»

«ታዲያ ለምን ተመለሱ፣ ጋሼ?»

«ሠላሳ ዓመት የጠላቂ አረፋ ተከትዬ ኖሬያለሁ። ጠላቂ ትቼ ገብቼ አላውቅም። በዚህ ዕድሜዬ ልጀምር?» ሾርባ ጨመረለት። «ካርዱን ወሰደብህ አይደል?»

ሺፋዝ መዋሸት ይችል ነበር። ሥራው ነው።

«ሌላ ቅጂ አለኝ። የእጅ ባትሪዬ ውስጥ።»

«እኔስ አለሁበት?»

«መጀመሪያው ላይ።»

አዛውንቱ ሳቀ። «ዕድሜዬን አንደኛ ወጥቼ አላውቅም።»

ሺፋዝ ባትሪውን ከወገቡ ፈታ። እጁን ከጀልባዋ ጠርዝ ውጭ ዘረጋ። ከሥሩ ያለው ውሃ ሺህ ሜትር ይሆናል።

«ተው» አለው አዳምፉሉ። «ይሄን ከጣልክ ያ ሰው ነገ ሌላ ልጅ ያመጣና የእሱንም ገመድ ይቆርጣል። እኔም ሻርኮቼን ሳርድ እኖራለሁ። አባቴ ያስተማረኝ ሥራ ነው፤ እናንተ የመንግሥት ሰዎች ስትከለክሉኝ እምቢ አልኩ። በቃኝ።»

ወደቡ ላይ ፋኖስ እየጠበቀ ነበር። አዳምፉሉ መሪውን ወደ ሌላኛው አቶል፣ ወደ ባሕር ጠረፍ ጠባቂዎቹ ጣቢያ አዞረው። አራት ሰዓት ተጓዙ። ጣቢያው ሲታይ አዛውንቱ ሸሚዙን ቆለፈ፤ ፀጉሩን በእጁ አበጠረ።

ፋኖስ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። አዳምፉሉ ሦስት። በሁለተኛው ዓመት እስር ቤት ሞተ። ሬሞራ ቀብሩ ላይ መገኘት አልተፈቀደለትም። የስለላ ቢሮው ሺፋዝ የሚባል ሰው አላውቅም ብሏል።

አሁን ሰሜን ባለ አንድ አቶል፣ በሌላ ስም፣ እንግዶች ያስጠልቃል። ካፒቴኑ ወጣት ነው። ጠላቂዎቹ ውሃ ውስጥ ሳሉ ስልኩን ያያል።

ሺፋዝ ግን ከውሃ በወጣ ቁጥር፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ መጀመሪያ የዋና ጫማውን ያቀብላል።