የተመረጠው ስንብት

ሬሳው ከቀረጻው ቤት ጓሮ፣ ሲሚንቶው ላይ በደረቱ ተደፍቶ ነበር። ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ነው የወደቀው። በስልክ ቪዲዮ ሕዝብ ሲያስቅ የኖረ፣ አገር ምድሩ «ሳቂታው» የሚለው ልጅ ነው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም ከቤተሰቡ በቀር የሚያስታውስ የለም። ዘንድሮ ሲኒማ ገብቶ ነበር።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ሆና አይደለም።

«ጉዳዩ ያለቀ ነው» አላት ወጣቱ ፖሊስ። «ራሱ ነው። ትናንት ማምሻውን በገጹ ላይ ተሰናብቷል።»

መርፌ ቪዲዮውን አየችው። ሳቂታው ሳይስቅ፣ ከሌንሱ ጎን ሰው የቆመ ይመስል ዓይኑን ወደዚያ ጥሎ፣ «ደከመኝ። ማንንም አትውቀሱ። እናቴን አደራ» ይላል።

«ስልኩስ የት ተገኘ?»

«የደረት ኪሱ ውስጥ።»

ጓንት ባጠለቀ እጇ ስልኩን ተቀብላ አገላበጠችው። አንድ ጭረት የለውም።

«የጎድን አጥንቱ ደቅቆ መስታወቱ ዳነ? ሞቶ ሲያበቃ ነው ኪሱ የከተተው?»



ትናንት ሠራተኛው ከተበተነ በኋላ ከሳቂታው ጋር በቤቱ የቀሩት ሦስት ናቸው፦ እህቱ፣ አንጋፋው ተዋናይና ዳይሬክተሩ።

እህቱ ከሜካፑ ክፍል መስተዋት ፊት ተቀምጣለች። ቪዲዮዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ የቀረጸችው እሷ ናት።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ።

«ምን አደረግሽው?»

«ሲኒማ ሲገባ ረሳን። ትናንት ‹ከእንግዲህ ወንድም የለኝም› አልኩትና ወርጄ መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። እማዬ ቪዲዮውን አይታዋለች። ሌሊቱን ሙሉ በስልክ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትጠይቀኝ። ‹ምን ብለሽው ነው?› ትላለች።»

መርፌ ትከሻዋን ነካ አደረገቻትና ስልኩን አሳየቻት። ያው ንግግር ሁለቴ ተቀርጿል። በመጀመሪያው ቅጂ ሳቂታው ሌንሱን ፊት ለፊት ያያል፤ በሁለተኛው፣ በተለቀቀው፣ ወደ ጎን።

«ልምምድ ነው» አለች እህቱ። «ፊልሙ ውስጥ የሚሞተው ሰው ንግግር ነው። ዳይሬክተሩ ‹ሌንስ አትይ› ብሎ አስደገመው። ስልኩን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«የስልኩን መክፈቻ ቁጥር ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ? ቪዲዮ ላይ እየቀለደ ስንቴ ተናግሮታል።»

«ከሁለቱ የቱ ይሻላል?»

«የመጀመሪያው ነዋ፣ እትዬ። ሰውን ዓይን ዓይኑን ካላዩት በአውራ ጣቱ ገፍቶ ያልፍዎታል። ይህን ያስተማረኝ እሱ ነው።»

አንጋፋው ተዋናይ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ዋናው ሚና የእሱ ነበር፤ ሳቂታው ሲመጣ የዋናው ሰው አባት አደረጉት።

«ጋሼ፣ ቦታዎን ወሰደብዎት ይባላል።»

«ወስዶብኛል። ጠልቼውም ነበር። በዚህ ዕድሜዬ የምዋሸው ሲከፈለኝ ብቻ ነው፣ ልጄ።» ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። «ትናንት ግን መጥቶ ‹ጋሼ፣ ልለቅ ነው፤ ቦታዎን ይውሰዱ› አለኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ልጥላው?»

ሁለቱን ቅጂዎች አሳየችው።

«የመጀመሪያው» አለ ሳያመነታ። «እኔ መድረክ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ ሕዝብ ፊት ለፊት እያየሁ ነው ያለቀስኩት። ሁለተኛው ላይ ልጁ እይ የተባለውን ቦታ ነው የሚያየው።»

ዳይሬክተሩ ሞኒተሩ ፊት ቆሞ የሟቹን ትዕይንቶች ያያል። ሲኒማው እነዚህን የስልክ ልጆች ይንቃል፤ ተከታዮቻቸውን ግን አይንቅም። በሩን የሚከፍትላቸው ተመልካች እንዲያስገቡለት እንጂ ራሳቸው እንዲገቡ አይደለም። ይህ ሰውዬም ከዚያው ጨርቅ የተቀደደ ነው።

«ደካማ ልጅ ነበር» አለ። «አልቻለውም።»

«ከልምምዱ በኋላ አግኝተውታል?»

«አላየሁትም። እዚሁ ነበርኩ።»

«የተለቀቀው የልምምዱ ቅጂ ነው።»

«ታዲያስ? ለሐሳቡ የሚስማማ ቃል አገኘና ለቀቀው።»

«ስልኩን ነክተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? ነክቼው አላውቅም፤ እኔ የሲኒማ ሰው ነኝ። የስልክ ጨዋታ የእነሱ ነው።»

«ከሁለቱ ቅጂዎች የቱ ይሻላል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በራ። «ይሄ ይጠየቃል? ሁለተኛው። የመጀመሪያው ብልሽት ነው፤ ሌንስ ያያል። የእነዚህን ልጆች ዓይን ከሌንስ ለማላቀቅ ፍዳዬን ነው የማየው።»

ከቀትር በፊት ሦስቱንም ለቀረጻ የተሠራችው ሳሎን ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሦስት ግድግዳ ብቻ ያላት ሳሎን ናት፤ በአራተኛው በኩል ካሜራ ይቆማል፣ ዛሬ መርፌ ቆመች።

«ስልኩ ፎቁ ላይ ቀረ እንጂ አብሮት አልወደቀም» አለች። «ከወደቀ በኋላ ሰው ወርዶ ኪሱ ከተተው። ስንብቱን የለቀቀውም ያው ሰው ነው። ታች ሬሳ ተጋድሟል፣ ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን አግኝቷል። ሰው ሲጣደፍ አያስብም፤ ሙያው ይመርጥለታል። ሳቂታው ራሱ ቢሆን ተከታዮቹን ዓይን ለዓይን ሳያይ አይሰናበትም፤ የኖረበት ነው። እህቱ ብትሆን የመጀመሪያውን ትለቅ ነበር። ጋሼም እንዲሁ። የመጀመሪያውን ብልሽት ነው ብሎ የሚጥል እዚህ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ዳይሬክተሩ ሳቀ። «ይሄ ማስረጃ ነው? የምርጫ ጉዳይ ነው።»

«ልክ ነዎት። ምርጫዎ እርስዎን ብቻ ነው ያሳየኝ። ነገር ግን ስልኩን ነክቼው አላውቅም ብለዋል። ‹አንድ ቀን ተቀብዬው ነበር› ቢሉ ኖሮ ምን እመልስልዎ ነበር? አሁን የመስታወቱ አሻራ እየተነሳ ነው። የእርስዎ ጣት እዚያ ምን ይሠራል?»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሶፋው ላይ ቁጭ አለ።

«ልሄድ ነው አለኝ፣ በረንዳው ላይ» አለ። «ባለገንዘቦቹ ፊልሙን የፈቀዱልኝ በእሱ ስም ነው፤ ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ፊልም ነው። ‹ወደ ስልኬ ልመለስ፤ እዚያ ቢያንስ ሰው ያየኛል› አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው አላሰብኩም።»

«ስንብት ሲመርጡለትስ አላሰቡም?»

ፖሊሱ ክንዱን ሲይዘው ወደ ተዋናዩ ዞረ። «ሁለተኛው ነው የሚሻለው። እርስዎ እንኳ ያውቁታል።»

«ውሰዱልኝ» አለ አንጋፋው፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

ቪዲዮው ሳቂታው በሕይወቱ ካወጣቸው ሁሉ በላይ ታይቷል፤ አሁንም ይታያል። ከሚያለቅሰው ሕዝብ ግማሹ ፊልሙ መቼ እንደሚወጣ ይጠይቃል።

እህቱ እናቷ ጋ ደወለች። ስልኩ ወዲያው ተነሳ። ወዲያ ማዶ ያቺው ጥያቄ ደከም ባለ ድምፅ መጣች።

«ክፉ ነገር ብዬው ነበር፣ እማዬ» አለች። «ግን ጥሎን አልሄደም። ወደ እኛ ሲመለስ ነው የገደሉት።»