የማሊክ ጀንዳል ዝናር

በጥቅምት ፲፱፻፲፪ ዓ.ም.፣ ከእንግሊዞች ጋር የተደረገው የግንቦቱ ጦርነት ወሬ በአፍጋን ድንበር ካለው ከኮሃት ሸለቆ ገና ሳይበርድ፣ የአፍሪዲ ነገድ ሽማግሌዎች ዳራ በተባለች መንደር በሾላ ጥላ ለጅርጋ፣ ለሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ተቀመጡ፤ በፊታቸው በተዘረጋው ምንጣፍ ላይ ደም የደረቀበት የእንግሊዝ ዝናር ተጋድሟል።

የመንደሩ አለቃ ማሊክ ጀንዳል፣ በጦርነቱ የወደቀውን ጎረቤቱን ወዚርን የገደለውን የእንግሊዝ መኮንን ገድሎ ዝናሩን ከደረቱ እንደፈታ ይምላል፤ ደም የመለሰ ሰው ደግሞ ከሟቹ ቤት የጠየቀውን አይነፈግም። የጠየቀውም የወዚርን ሚስት ፓልዋሻን ነው፤ እርሷ ግን «ከእሱ ጋር ከመኖር ጉድጓድ ይሻለኛል» ብላለች። ፈቃድ የሚሰጠው የወዚር ወንድም፣ ዝናር ሰፊው ያርባዝ ነበርና፣ አይቶ ይመስክር ተባለ።

«ምኑን ያየዋል?» አለ ጀንዳል፤ «ዝናር ሰፊ ጦርነትን የሚያውቀው በመርፌ ቀዳዳ ነው።» ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

ያርባዝ የኪሶቹን ክዳን ተራ በተራ ገለጠ።

«ማሊክ፣ መኮንኑ ሲወድቅ ኪሶቹ ክፍት ነበሩ?»

«ዝግ ነበሩ። ጥይቱን ያወጣሁት በኋላ ነው።»

«ታዲያ የክዳኑ ውጭ ንጹሕ ሆኖ ደሙ በምን በኩል ውስጥ ገባ?»

ያርባዝ አንዱን ኪስ አሸተተ፤ ከደረቀው ደም ጋር የፍየል ፀጉር ተጣብቋል። ቀጥሎ የትከሻውን ጠፍር ገለበጠ። ከጠፍሩ ሥር፣ ከአሮጌ የውሃ አቁማዳ የተቆረጠች ቁራጭ በራሱ ስፌት ተቀጥላለች።

«ባባ ኑራን፣ ደሙ ክዳኑ ተገልጦ የተቀባ የፍየል ደም ነው» አለ ለሸንጎው መሪ፤ «ዝናሩ ግን ወንድሜ ቀድሞ ከእንግሊዝ የማረከው ነው። ትከሻው ሰፊ ስለነበር ይህችን የቀጠልሁለት እኔ ነኝ።»

«ወድቆ ነው ያገኘሁት» አለ ጀንዳል።

«ወድቆ? ዘለበቱ ደረቱ ላይ ነው የሚታሰረው፤ ሳይፈቱት አይወድቅም። ሬሳውን አላገኘሁትም ብለህ ከእናቴ ጋር ያለቀስከው አንተ አይደለህም? ገፍፈህ ለአሞራ ተውከው።»

ጀንዳል መሬት መሬት አየ። ባባ ኑራን ጢማቸውን ጎተቱ።

«ሴቲቱ በቤቷ ትኑር» አሉ፤ «ይህ ነገር ግን ከዚህ ጥላ እንዳይወጣ። ጠላት ከሰማ ነገዱ ሁሉ ሌባ ይባላል።»

«እናንተም ነውሩን አብራችሁ ልትለብሱት ነው» አለ ያርባዝ። ወንዝ ወርዶ እጁን እስኪልጥ በአሸዋ ፈተገ፤ ሽታው አልለቀቀውም።

ፓልዋሻ በቤቷ ኖረች፤ ወዚር መቃብር አላገኘም። ዝናሩን በእንግዳ መቀበያው ቤት ሰቀሉት፤ ዘፋኞችም ለጀንዳል ጀግንነት ግጥም ገጠሙ፤ ልጆች እስከ ዛሬ ይዘፍኑታል። የሰቀሉት ሰዎች ክዳኖቹን በጥንቃቄ ዘግተው፣ ቁራጯ ያለችበትን ጎን ወደ ግድግዳው አዙረውታል።