የተመለሱት ሽማግሎች

ሞቱማ ከአምቦ በባዮሎጂ ተመርቆ ዓመት ከመንፈቅ ቤት ከተቀመጠ በኋላ፣ ጊንጪ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሥራ አገኘ። ሥራው የመምህርት አሰፋሽ ነበር። እሷ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ፣ እስክትመለስ ድረስ ክፍሏንም ረባሾቿንም ተረከበ። ሰው ቤት እንዳደረ እንግዳ፣ ወንበር እንኳ ሲስብ ድምፅ አያሰማም።

አንድ ቀን ክትባት ልትሰጥ ከጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«በአሰፋሽ ቦታ የገባኸው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አመስግነኝ። ያዋለድኳት እኔ ነኝ፤ ሥራ ያስገባሁህ እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ዶርቃስ ትባላለች። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች፤ ዓይኖቿን ግን የሚሸፍናቸው የለም።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ መልስ በአስፋልቱ ዳር አብረው መሄድ ለመዱ። የአምቦ አውቶቡስ ጥሩምባ ሲነፋባቸው ይጠጋጋሉ፤ አውቶቡሱ ካለፈም በኋላ እንደተጠጋጉ ይቀራሉ።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው አንድ ቀን።

«ቋሚ ልሁንና።»

«እኔ ቋሚ ነኝ። ለሁለት ይበቃል።»

ተሸነፈ። ቀኑ ለእሑድ ተቆረጠ። አባቷ ኦቦ ቱፋ በግ አርደው ዘመድ ጠሩ።

ዓርብ ዕለት ግን አሰፋሽ ልጇን አዝላ ትምህርት ቤት ብቅ አለች። ሰኞ ሥራ ልትጀምር ነው። ሞቱማ ሕፃኑን ስሞ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት፤ ከልቡ ለማድረግም ሞከረ።

እሑድ ከቸርች መልስ ሽማግሎቹን መንገድ ላይ ደረሰባቸው።

«ልጁ ምን ይሠራል ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ?»

አጎቱ ኦቦ ጀቤሳ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «የምንለውን ለእኛ ተወው። ቀጥሮ የቀረ ሽማግሌ ስድብ ነው፣ ልጄ።»

«ሥራ ሳገኝ ትሄዳላችሁ።»

ሽማግሎቹ ተያዩና ተመለሱ።

ኦቦ ቱፋ ከነዘመዶቻቸው እስኪመሽ ጠበቁ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት የሞቱማ ስም አልተነሳም። ደጋግሞ ሲደውል ዶርቃስ አንድ ጊዜ ብቻ አነሳች።

«ለእኔ እንኳ ለምን አልነገርከኝም?»

መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው።

ቋሚ ቅጥሩ ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ፤ ካቺሲ በምትባል ሩቅ ከተማ። ለገና ወደ ቤተሰቦቹ ሲመጣ ጊንጪ መናኸሪያ ዶርቃስን አገኛት። ጣቷ ላይ ቀለበት አለ።

«አካም ጅርታ፣ በርሲሳ። ቋሚ መምህር ሆንክ አሉ።»

«ሆንኩ።»

«እንኳን ደስ አለህ።»

እሷ የምትሳፈርበት መኪና ሞተሩን አስነስቷል።

«ያን እሑድ አባዬ ሽማግሎቹን ምን ሊጠይቅ እንደነበር ታውቃለህ?»

«ሥራዬን ነዋ።»

«ሥራህ ጊዜያዊ መሆኑንማ እኔ ነግሬው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀው፤ ልጁ ይጠጣል ወይ?»

ሞቱማ መሬት መሬቱን አየ።

«አልጠጣም» አለ።

«አውቃለሁ» አለችና መኪናው ውስጥ ገባች።