ሦስተኛው መሥመር

«ዛሬ ደግሞ አሥራ አራት» አለች የጽንዓት እናት መዳፏን ዘርግታ።

መዳፏ ላይ የቲማቲም አበቦች ነበሩ፤ ትንንሽ፣ ቢጫ፣ ከነአንገታቸው የወደቁ። ማንም አልቀነጠሳቸውም፤ ራሳቸው ነው የረገፉት። ጽንዓት አየት አደረገቻቸውና ዓይኗን ወደ ኮንዶሚኒየሙ የጋራ ማብሰያ ግድግዳ መለሰች።

«ነፋስ ይሆናላ፣ እማ።»

«የምን ነፋስ? እዚህ ውስጥ ደግሞ ምን ነፋስ አለ?»

እውነቷን ነበር። ከግድግዳው እስከ መሬት የተወጠረው ላስቲክ ዙሪያውን በድንጋይ ተጭኗል። ሥሩ ዘጠኝ የቲማቲም እግሮች በማዳበሪያ ከረጢት ተተክለው ተደርድረዋል። እናቷ ጫፉን ገለጥ አድርጋ በእንብርክክ ስትገባ፣ ከውስጥ የወጣው ወበቅ የድስት ክዳን የተከፈተ ያህል ፊታቸውን መታው። ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ፀሐይዋ ፍጥጥ ብላለች። የሐምሌ ፀሐይ አንዴ ከወጣች የቀረችባቸውን ቀናት ሁሉ ልታካክስ ነው የምትመስለው። ከላስቲኩ ሆድ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል።

«እስቲ ያንን ወረቀት እንደገና አንብቢልኝ» አለች እናቷ ከውስጥ።

«ሦስት ጊዜ አነበብኩልሽ እኮ።»

«አራተኛ ብታነቢ አፍሽ ይደክማል? ምናልባት ያመለጠኝ ነገር ይኖራል።»

ወረቀቱ ከእጥፋቱ ብዛት ሊቀደድ ደርሷል። ጽንዓት ዘረጋችው። «አንደኛ፣ ውኃ ከሥር እንጂ ከላይ አታጠጡ። ሁለተኛ፣ መሬት የነካውን ቅጠል ቁረጡ።» እስከዚህ ድረስ ዓይኗና አፏ አብረው ሄዱ። ከዚህ በኋላ ተለያዩ። «ሦስተኛ፣ ዝናቡ እስኪያበቃ ድረስ ላስቲኩን አትግለጡ።»

እናቷ ራሷን ብቅ አደረገች። «ባለፈው ‹አትክፈቱ› ነበር ያልሽው።»

«ያው ነው፣ እማ።»

«ያው ከሆነ ጥሩ።»

እናቷ ገና ማንበብ ባትችልም አንዴ የሰማችውን አትረሳም። ጽንዓት ወረቀቱን ቶሎ አጣጠፈችው። ሦስተኛው መሥመር ላይ የተጻፈው ሌላ ነው፦ «ጠዋት ጠዋት ላስቲኩን ግለጡ፤ ነፋስ ይግባ፤ ዝናብ ሲመጣ መልሳችሁ ሸፍኑ።»

ነገሩ የተጀመረው በሐምሌ መባቻ ነው። ተክሎቹ በሰኔ አንድ ሳህን ሙሉ ቲማቲም ሰጥተው ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ግን አንድ የከተማ ግብርና ሠራተኛ ከወረዳ መጥቶ ላስቲኩንና ወረቀቱን ለግቢው ሴቶች አደለ። እናቷ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና ለልጇ ሰጠቻት። ጽንዓት ሦስተኛው መሥመር ላይ ስትደርስ የሚከተለው ሁሉ ባንዴ ታያት። ላስቲኩን የገለጠ ሰው ደመና ሲመጣ መሸፈንም አለበት። ደመናው መቼ እንደሚመጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አንድ ሰው ጠዋቱን ሙሉ እዚያ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ሰማይ ሊጠብቅ ነው። እናቷ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የጎልማሶች የፊደል ትምህርት አላት። ሌላ ማን ቀረ?

አባቷ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ስለሚሆን የእናቷ ጭንቀት ሁሉ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው። «ጎርፉ፣ መኪናው፣ ክፍት ጉድጓዱ፣ የማናውቀው ሰው» እያለች ትዘረዝራለች። «እኔ በሌለሁበት ከግቢ እንዳትወጪ!» ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ለጽንዓት ዓለም ማለት አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል፣ የብረት መከላከያ ያለው መስኮትና በመስኮቱ የሚታይ የሰው ልብስ ማስጫ ገመድ ሆነ። የሷ የምትላቸው እነዚያ ሁለት ሰዓቶች ብቻ ነበሩ። እናቷ በወጣች በአምስት ደቂቃ እሷም ወደ አብነት ሰፈር ትበራለች፤ የክፍል ጓደኛዋ የማሂ ወንድም ብስክሌት ወደሚጠግንበት ሱቅ።

ከሱቁ ጀርባ ባለው ቅያስ ማሂ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች ታለማምዳታለች።

«እግርሽን ምን ታያለሽ? አይጠፋብሽም! ወደ ፊት እይ፣ አንቺ ፋራ!»

ማሂ ሳትነግራት ኮርቻውን ስትለቀው ብስክሌቱ ለጥቂት ሜትሮች ብቻውን ይሄዳል። ያኔ ነው ጽንዓት እስትንፋሷ ሙሉ ሆኖ የሚወጣው። ስልኳ ይጮኻል። «ቤት ነኝ፣ እማ» ትላለች፣ አንድ እግሯን መሬት ላይ ተክላ።

ዛሬም አበቦቹን ከቆጠሩ በኋላ እናቷ አልተነሳችም። ይህን ጊዜ እትዬ ቦሰና፣ የምድር ቤቷ ጎረቤታቸው፣ የታጠበ ድስት ይዘው ከጋራ ማብሰያው ወጡ።

«አክበረት፣ አይክፋሽና፣ ተክል እንደ ሕፃን ነው» አሉ። «ባለቤቱ ሲርቅ ያኮርፋል። አንቺ በዚህ ዕድሜሽ ደብተር ይዘሽ ሽር ስትዪ እሱ ምን ያድርግ?»

«ወረቀቱ ያለውን ሁሉ አድርጌያለሁ እኮ፣ እትዬ።»

«እስቲ ለዚያ ለአስተማሪሽ አሳዪው። ለባሮክ።»

«እንዴ! ልጄ ያነበበችውን ሌላ ሰው ደግሞ ያንብብልኝ ልበል? ከክፍሏ አንደኛ የወጣች ልጅ!»

ጽንዓት የወጣችው አራተኛ ነበር። ያንንም አላረመችም።

ትምህርቱን የሚሰጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ ለክረምት ወደ ሰፈር ሲመለሱ በበጎ ፈቃድ ያስተምራሉ። እናቷ ከጀመረች ወዲህ ከእሷ ጋር መንገድ መሄድ መከራ ሆኗል። በየሱቁ ደጃፍ ትቆማለች። «ፋ… ር… ማ… ሲ» ትላለች ጮክ ብላ፤ ከኋላ ያለው ሰው ይገጫታል። አንድ ቀን ታክሲ ላይ «በ… ር… በ… ቀ… ስ… ታ… ዝጉ» ብላ ስትጨርስ ረዳቱ «አንብቦ የዘጋው የለም፣ እናት!» ብሎ ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እናቷም አብራ ሳቀች። ጽንዓት ብቻ አንገቷን ደፋች። አፍራ ይሁን ኮርታ እሷም አላወቀችም።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር። ጽንዓት ስለ ወረቀቱ ስትነግራት «ያበደ ነገር ነው» አለች ማሂ በስልክ። «አቦ አታካብጂ፣ ጀለሴ! ቲማቲም ነው እንጂ ሰው አልሞተ። እሷ ስትወጣ ግለጪው፣ ሳትመለስ ሸፍኚው። ተክሉ ይተነፍሳል፣ አንቺም ትተነፍሻለሽ። አለቀ!»

ቀላል ይመስል ነበር። እናቷ እንደወጣች ጽንዓት ድንጋዮቹን አንስታ ላስቲኩን እስከ ግድግዳው ድረስ ሰበሰበችው። ቅጠሎቹ ወዲያው በነፋሱ ተነቃነቁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ለአንድ ሰዓት ብቻ፣ አለች ለራሷ፤ አራት ሰዓት ሳይሞላ እመለሳለሁ።

ለአራት ሩብ ጉዳይ ላይ በተክለ ሃይማኖት በኩል ሰማዩ ጠቆረ። ብስክሌቱን ማሂ ላይ ጥላ መሮጥ ጀመረች። አብነትን ሳትጨርስ ዝናቡ ወረደ፤ የመንገዱን ጎርፍ እያቋረጠች፣ ጫማዋ ውኃ እየተፋ ግቢው ስትደርስ ቅጠሎቹ ተደፍተዋል፤ ከመሬት የተፈናጠረ ጭቃ እስከ ጫፋቸው ለብሰዋል። እርጥቡን ሁሉ እንዳለ ሸፈነችው። ድንጋዮቹን እንደነበሩ ለመደርደር ሞከረች። የትኛው የት እንደነበረ ግን አላስታወሰችም።

እናቷ ዝናቡን አይታ ትምህርቱን አቋርጣ በጃንጥላ ስትመጣ እዚያው አገኘቻት።

«ምነው እንዲህ ረጠብሽ?»

«ላስቲኩን ነፋስ አነሳው። ልሸፍን ወረድኩ።»

እናቷ ጃንጥላዋን ጣለችና በነጠላዋ ጫፍ የልጇን ፀጉር ማድረቅ ጀመረች። «ለኔ ብለሽ» አለች። «ብርድ ሊመታሽ ነው እኮ። ለኔ ብለሽ!»

ጽንዓት ነጠላው ውስጥ ዓይኗን ጨፈነች። ብትቆጣት ይሻላት ነበር።

ሰኞ ዕለት ቅጠሎቹ ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ነጠብጣብ ታየ። ማክሰኞ ሁለቱ እግሮች ጠወለጉ። እናቷ የታመሙትን ቅጠሎች አንድ በአንድ ቆርጣ በፌስታል አሰረች። ፍልሰታ ሊገባ የቀረው አንድ ሳምንት ነው። በሰኔ ጎረቤቶቿን ሁሉ «ለፍልሰታ ሰላጣው ከኔ ነው» ብላቸው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል እናቷ የቤት ቀሚሷን አልቀየረችም።

«አይረፍድብሽም?» አለች ጽንዓት።

«በቃ፣ ትቼዋለሁ።» ደብተሩንና እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እትዬ ቦሰና እውነታቸውን ነው። አንድ ሰው ሁለት ነገር አይዝም። አንቺ ጻፊበት፤ ገና ግማሹ ባዶ ነው።»

«እማ፣ እሱ እኮ…»

«ምነው?»

«ምንም።»

እናቷ ባልዲዋን አንጠልጥላ ወረደች። ጽንዓት የደረጃውን ድምፅ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። እናቷ ቤት ከዋለች አብነት የለም፤ ብስክሌት የለም። እውነቱን ብትናገርም አብነት የለም፤ ያኔ ደግሞ ከአብነት ሌላም የምታጣው ነገር አለ። በየትም ብትዞር ግድግዳ ነው። ቢያንስ ዝም ማለት ቀላሉ ግድግዳ ነበር።

ደብተሩን የከፈተችው ስንት ባዶ ገጽ እንዳለው ለማየት ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በሀ እና በለ ተሞልተዋል፤ እርሳሱ ተጭኖ ወረቀቱን ወግቶታል። ቀጥሎ ስሟ መጣ፤ ጽንዓት፣ ጽንዓት፣ ጽንዓት። መጨረሻ የተጻፈበት ገጽ ላይ ግን ሌሎች ቃላት ነበሩ። በባሮክ ቆንጆ ጽሕፈት አንድ አንድ ጊዜ ተጽፈው፣ ሥራቸው እናቷ ደጋግማ ገልብጣቸዋለች። ቲማቲም። ቅጠል። ዝናብ። ላስቲክ።

ጽንዓት ቁጭ አለች።

እናቷ ወረቀቱን ለማንም አላሳየችም። ልጇ ያነበበችውን ለሌላ ሰው አላስነበበችም። ግን አንድ ቀን ራሷ ልታነበው ቃላቱን አንድ በአንድ እየለመነች ስትሰበስብ ነበር። ሁለት ሳምንት ብትቆይ ሦስተኛው መሥመር ላይ ትደርስ ነበር። ደብተሩ እዚህ ጋ ከቆመ ግን መቼም አትደርስም። ማንም አያውቅም።

ስልኳ ጮኸ። «የት ነሽ አንቺ? ጎማውን ነፍተን እየጠበቅንሽ ነው!» አለች ማሂ።

«ዛሬ አልመጣም።»

«ነገስ?»

«አላውቅም፣ ማሂዬ።»

ደብተሩን፣ እርሳሱንና ያንን የተጣጠፈ ወረቀት ይዛ ወረደች። እናቷ ከላስቲኩ ውጪ ባልዲዋን ደፍታ ተቀምጣለች፤ ፀሐዩ ፊቷ ላይ አርፏል። ጽንዓት አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። የእናቷን ሌባ ጣት ይዛ መሥመሩ ላይ አሳረፈችው።

«ይቺን አንቺ አንብቢያት።»

«አሁን ምን ያደርጋል?»

«አንብቢያት፣ እማዬ። አልረዳሽም።»

እናቷ ዓይኗን አጠበበች። ከንፈሯ ቀድሞ ተንቀሳቀሰ። «ጠ… ዋት። ጠዋት። ጠዋት…» ጣቷ ቀስ እያለ ሄደ። «ላ… ስ… ቲ… ላስቲኩን! ይህቺን አውቃታለሁ። ግ… ለ… ጡ።» ጣቷ ድርብ ሰረዙ ላይ አረፈና አለፈው። «ነፋስ… ይግባ።»

መጀመሪያ የመጣው ደስታው ነበር። ፊቷ በሙሉ በራ፤ «አነበብኩት እኮ!» አለች፣ ወደ ልጇ ዞራ። ያነበበችው ነገር ገና አልገባትም። ጽንዓት ዓይኗን መንቀል ፈለገች፤ አልነቀለችም። የእናቷ ፈገግታ ባለበት ቆመ። ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። ጣቷን መልሳ ከመሥመሩ መጀመሪያ አንስታ፣ ያለ ድምፅ፣ እንደገና አነበበችው።

«ስንት ቀን ነው?» አለች በመጨረሻ።

«ሃያ ሦስት ቀን። እማ… ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አንቺ ስትወጪ እኔም እወጣ ነበር። አብነት፣ ማሂ ጋ። ያን ቀንም ላስቲኩን ነፋስ አላነሳውም። እኔ ነኝ።»

ፎቅ ላይ የሆነ ሰው ምንጣፍ ያራግፋል። ጽንዓት ተነሳችና ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አነሳች። ላስቲኩን እስከ ግድግዳው ድረስ ሰብስባ በገመድ አሰረችው። ወበቁ ወጣ። ከዘጠኙ ሰባቱ ቆመዋል፤ ከአንዱ ጫፍ ላይ ገና ያልፈነዳ አበባ አለ። እጇ ላይ ያለውን ጭቃ ሳትጠርግ የእናቷን ደብተር አነሳችና ዘረጋችላት።

«ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ግን ትደርሻለሽ» አለች። «ሰማዩን እኔ አየዋለሁ። ከዚህ አልንቀሳቀስም።»

እናቷ ደብተሩን አየችው። ከዚያ ልጇን አየቻት፤ ረጅም ጊዜ፣ እንደ አዲስ ጽሑፍ። ከባልዲው ላይ ተነሳች። መዳፏን በቀሚሷ ጠረገችና እጇን ወደ ደብተሩ ዘረጋች።